ውሃው የት ሄደ? በባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ተከራዮች የኤሲና የማሞቂያ ጥያቄዎች መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በባሕር አቅራቢያ ቤት ተከራይተው ከሚኖሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። የአንዱ ኤሲ ያንጠባጥባል፣ የሌላው በረዶ ይሠራል፣ የሦስተኛው ይዝጋል። ብልሽቶቹ ቢለያዩም መነሻቸው ወደ ውሃ ይመለሳል። ኤሲ አየር ከማቀዝቀዙ ባልተናነሰ ከአየሩ ውስጥ ውሃ ይጨምቃል። 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 ከመቶ እርጥበት ያለው አየር በአንድ ሜትር ኩብ 24 ግራም ያህል ውሃ ይሸከማል፤ 24 ዲግሪና 55 ከመቶ ላይ ግን 12 ግራም ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ አራት በአራት ከሆነች ክፍል አየር ብቻ ግማሽ ሊትር ውሃ መውጣት አለበት፤ መስኮት ተከፍቶ አየሩ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ሌላ ግማሽ ሊትር ይጨመራል። ስለዚህ «ጋዝ አለው ወይ?» ከማለት በፊት «ውሃው የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

ጥያቄ፦ ከአልጋዬ በላይ የተሰቀለው ኤሲ ሌሊት ሌሊት ያንጠባጥባል። አከራዬ «አገሩ እርጥብ ስለሆነ ነው፣ ባልዲ አድርጊበት» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እርጥበቱ ውሃውን ያበዛዋል እንጂ ወደ አልጋዎ አይመራውም። 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሆነ ኤሲ በእርጥብ ወቅት በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ውሃ ከኮይሉ (አየሩን ከሚያቀዘቅዘው የቧንቧ ጥቅልል) ሥር ባለው ትሪ ተጠራቅሞ በቀጭን ጎማ ወደ ውጭ መውረድ ነበረበት።

መጀመሪያ ጎማው ውጭ የሚያበቃበትን ቦታ ይፈልጉ። ኤሲው አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ ጫፉ ጠብታ ካላሳየ ጎማው ተደፍኗል ማለት ነው። የሚደፍነው ከአቧራ፣ ከባክቴሪያና ከአልጌ የሚሠራ ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ነው። ብሬከሩን ያጥፉ። ውሃ የሚስብ ቫኩም ካገኙ የጎማውን የውጭ ጫፍ ከቫኩሙ አፍ ጋር ገጥመው ክፍተቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይሳቡ። ከዚያ የፊት ክዳኑን ከፍተው ማጣሪያውን ያውጡና ግማሽ ሊትር ንጹህ ውሃ በኮይሉ ላይ በቀስታ ያንቆርቁሩ፤ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ስለሆነ ከዚያ ጎን ይራቁ። ውሃው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ውጭ መታየት አለበት። በመኪና ጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ከውጭ የሚነፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህን አይፍቀዱ። ግፊቱ ግድግዳ ውስጥ ያለውን መጋጠሚያ ያላቅቀዋል፣ ቆሻሻውንም ወደ ትሪው ይመልሰዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚያንጠባጥበው ኤሲው ሳይሆን ግድግዳው ይሆናል።

ጎማው ተከፍቶም ካልቆመ ተዳፋቱ ይታይ። ለእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ መሃል ላይ የረገበ ጎማ ውሃ ያቁርና ዝልግልጉ እዚያው ያድጋል። ኤሲው ራሱ ከውሃ መውጫው በተቃራኒ ዘምሞ ተሰቅሎም ይሆናል፤ ውሃ ልክ ቢያስቀምጡበት ወዲያው ይታወቃል። የጎማው ጫፍ ባልዲ ውስጥ ከተነከረ ወይም ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ አየር ስለሚታፈን ውሃው አይወርድም፤ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ነፍሳት እንዳይገቡበት ብለው ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አይሰሩበት፤ ወንፊቱ ራሱ ይደፈናል።

ለጥበቃ በወር አንድ ጊዜ አንድ ኩባያ አቼቶ በእኩል ውሃ በርዘው በትሪው መውጫ በኩል ያፍስሱ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ በውሃ ያጥቡት። በረኪና አንመክርም። አሉሚኒየም ይበላል፤ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። አቼቶውንም ቢሆን ኮይሉ ላይ አይርጩት፤ ምክንያቱ ስለ ጋዝ በምንመልሰው ላይ ይመጣል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። እድፉ ከኤሲው ሥር ሳይሆን ቧንቧው ግድግዳ ላይ በሚያልፍበት መስመር ከሆነ ጎማው ጥፋት የለበትም። የመዳብ ቧንቧው የለበሰው ጥቁር ስፖንጅ ተቀዷል ወይም መጋጠሚያው ላይ ተላቋል፤ በዚያ ክፍተት ብርዳሙ ቧንቧ ያልበዋል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት እንኳ በአንድ ሌሊት ግድግዳ ለማርጠብ ይበቃል። በእርጥብ ስፍራ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ስፖንጅ ቢለብስ፣ መጋጠሚያዎቹም በማጣበቂያ ቢታተሙ ይሻላል። በፕላስቲክ ፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ስፖንጅ አንድ ወቅት አይቆይም።

ጥያቄ፦ ኤሲውን 18 ዲግሪ ላይ አድርጌው ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አንሶላው ግን እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ጫማና ቦርሳዎች ሻገቱ። አከራዩ «ትልቅ ኤሲ ነው ያስገባሁልህ» ይላሉ።

መልስ፦ ምናልባት ችግሩ ትልቅነቱ ነው። ለክፍሉ ከሚገባው በላይ አቅም ያለው ኤሲ አየሩን ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል። ውሃ ለመጭመቅ ግን ኮይሉ ቀዝቅዞ ለረጅም ጊዜ መቆየት አለበት። ኮምፕረሰሩ (ውጭ ባለው አካል ውስጥ ጋዙን እየገፋ የሚያዞረው ሞተር) ተነሥቶ እስኪያቆም ያለውን ጊዜ በሰዓት ይያዙ። ደጋግሞ ከ10 ደቂቃ በታች እየሠራ የሚቆም ከሆነ ኤሲው ለክፍሉ በዝቷል፤ ካልሆነም የሙቀት መለኪያው ከራሱ ከኤሲው በሚወጣው ብርድ እየተታለለ ነው። ኢንቨርተር የሆኑት ፍጥነታቸውን ቀንሰው ስለሚቀጥሉ ይህ ችግር ያን ያህል አይጎዳቸውም።

18 ዲግሪው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ውጭ 30 ዲግሪና 80 ከመቶ ሲሆን የአየሩ የጠል ነጥብ (ትነቱ ውሃ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) 26 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ አየር በበር ሥር ሾልኮ ገብቶ ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ግድግዳ፣ ልብስ ወይም ጫማ ሲነካ ውሃ ይጥልበታል። ቤቱን ባቀዘቀዙት መጠን የሚያልብ ነገር ያበዛሉ። በተለይ አየር የማይዞርበት ቁም ሳጥን ጀርባ ሻጋታ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ከኤሲው ራቅ አድርገው ያኑሩ። ከ60 ከመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለቀናት ከ70 በላይ ከቆየ ሻጋታ አይቀርም። ሙቀቱን 25 ወይም 26 ላይ ያድርጉ፤ ማራገቢያውን ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ያውርዱ። አየሩ በብርዱ ኮይል ላይ ቀስ ብሎ ባለፈ መጠን የሚጥለው ውሃ ይበዛል። ሪሞቱ ላይ የጠብታ ምልክት ያለበት ማድረቂያ ቁልፍም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ማራገቢያው ኮምፕረሰሩ ሲቆም አብሮ ይቁም፤ ሳያቋርጥ እንዲሽከረከር ከተደረገ ኮይሉ ላይ የቀረውን ውሃ መልሶ ወደ ክፍሉ ያተንነዋል።

ከዚያ የውሃ ምንጮችን ይቁጠሩ። ቤት ውስጥ የተሰጣ አንድ ዙር የታጠበ ልብስ ሁለት ሊትር ያህል ወደ አየሩ ይለቃል። ቁም ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልወረደ የተለየ የእርጥበት ማድረቂያ ማሽን ያስፈልጋል። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዳያሳስትዎት፤ «በቀን 20 ሊትር» የሚለው ብዙ ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 ከመቶ የተለካ ነው፤ በ27 ዲግሪና በ60 ከመቶ ወደ ግማሹ ይወርዳል። አንድ ቱቦ ብቻ በመስኮት የሚያወጣውን ተንቀሳቃሽ ኤሲ ደግሞ ለጠረፍ ቤት አንመክርም። የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ሲተፋ በዚያው ልክ እርጥብ አየር በየስንጥቁ ይስባል።

ጥያቄ፦ ኤሲዬ በየስድስት ወሩ በረዶ ይሠራና ማቀዝቀዝ ያቆማል። ባለሙያው መጥቶ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ይሞላና ይሄዳል። ጋዝ እንደ ነዳጅ ያልቃል እንዴ?

መልስ፦ አያልቅም። ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው፤ ከጎደለ ወጥቷል፣ ከወጣ ቀዳዳ አለ። በየስድስት ወሩ መሙላት የተቀደደ ባልዲ መሙላት ነው።

ግን በረዶ ሁሉ የጋዝ ጉድለት አይደለም። ኤሲውን ያጥፉና ማራገቢያውን ብቻ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያሠሩ፤ በረዶውን በቢላ አይፈልፍሉ፣ ቧንቧው ይበሳል። ሥሩ ፎጣ ያድርጉ፤ ብዙ ውሃ ይወርዳል። ማጣሪያውን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥበው ጥላ ውስጥ ያድርቁ፤ ፀሐይ ያጣምመዋል። በረዶው ዳግመኛ ካልመጣ ጥፋቱ የአየር እጥረት ነበር። በሥራ ወቅት ማጣሪያ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት።

ንጹህ ማጣሪያ እያለው ከተመለሰ ውጭ ያለው አካል ላይ የሚገጠሙትን ሁለት የመዳብ ቧንቧዎች ይመልከቱ። ቀጭኑ ቧንቧ ጤዛ የመሰለ በረዶ ለብሶ ወፍራሙ ደረቅና ሙቅ ከሆነ ጋዝ ጎድሏል። ወፍራሙም እስከ ኮምፕረሰሩ ድረስ በረዶ ከለበሰ ወደ አየር እጥረት ያመራል፤ ማጣሪያው ንጹህ ሆኖ የማራገቢያው ተሽከርካሪ ቅጠሎች በአቧራ ተሞልተው ሊሆን ይችላል።

አሁን ባለሙያው ሲመጣ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ «ቀዳዳው የት ነው?» ዘይት የወዛበት ቦታ፣ በተለይ የቧንቧ መጋጠሚያ ብሎኖቹ፣ በሳሙና አረፋ ይፈተናል። ካልተገኘ በናይትሮጅን ግፊት ይሞከራል። ከተጠገነ በኋላ ቧንቧው በቫኩም ፓምፕ ይደርቃል፤ ውስጡ እርጥበት ከቀረ ከዘይቱ ጋር አሲድ ይሠራል። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ፣ በስም ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ይገባል። ሚዛን ሳይዝ «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» የሚል ባለሙያ ቢሸኙት ይሻላል። አር 22፣ አር 410ኤና አር 32 የተባሉት የጋዝ ዓይነቶች አይደባለቁም፤ አር 32 በመጠኑም ቢሆን ስለሚቀጣጠል እሳት አጠገብ አይሠራም። ኤሲው አር 22 ከሆነ የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ጋዙ ባደጉት አገሮች በ2020 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል፣ በታዳጊዎቹም እስከ 2030 እየቀነሰ ይሄዳል፤ ደጋግሞ የሚያፈስ አሮጌ ማሽን ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ መቀየሩ እንደሚያዋጣ ለአከራይዎ ያስረዱ።

አቼቶን ከኮይል ያራቅነው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ማጽጃዎች፣ በአዲስ ቀለምና በአቼቶ ትነት ውስጥ ያሉ አሲዶች ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ መዳብን በጉንዳን ጉድጓድ አምሳል ይበሱታል። ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም፤ ጋዙን ግን በወራት ውስጥ ይጨርሱታል።

ጥያቄ፦ ሰገነቴ ላይ ያለው የውጭ አካል ነጭ ዱቄት እየተፋ ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ያጉረመርማል እንጂ ማራገቢያው አይዞርም።

መልስ፦ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ዘገምተኛ፣ አንዱ ድንገተኛ።

ነጩ ዱቄት የተበላ አሉሚኒየም ነው። ባለሙያዎቹ ፊን የሚሏቸው ስስ አሉሚኒየሞች በመዳብ ቧንቧ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨዋማ ውሃ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆኑና አሉሚኒየሙ ይሟሟል። ጨው ደግሞ ዝናብ አይጠብቅም። የአየሩ እርጥበት ከ75 ከመቶ ገደማ ሲያልፍ ከአየር ውሃ ስቦ ራሱን ያረጥባል፤ በጠረፍ ይህ በየሌሊቱ የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ ብዙዎች ከሚያስቡት በተቃራኒ ከጣሪያ ሥር ተከልሎ የተቀመጠ ማሽን ዝናብ ከሚመታው ቀድሞ ያልቃል፤ ዝናቡ ጨውን ያጥብለት ነበር። በፕላስቲክ መሸፈንም ያው ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል።

መድኃኒቱ ንጹህ ውሃ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በወር አንድ ጊዜ፣ ማዕበሉ የሚታይበት ቤት ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ፣ ብሬከሩን አጥፍተው በቀላል ግፊት በሚወርድ ጎማ ከላይ ወደ ታች ለ10 ደቂቃ ያህል ያጥቡት። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ፊኖቹን ያጥፋቸዋል። የሽቦ ሳጥኑ ክዳን ላይ በቀጥታ አይልቀቁ፤ ከመክፈትዎ በፊት እስኪደርቅ ይጠብቁ። አከራዩ አዲስ ሲገዙ ፊኑ በመከላከያ ቀለም የተቀባ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ዕድሜ ይጨምራል እንጂ ከመታጠብ ነጻ አያወጣም።

የሚያጉረመርመው ካፓሲተር ደክሞ ይመስላል። ካፓሲተር ሞተሩን የሚያስነሣ ጡጫ ነው፤ ከሞተ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እየወሰደ መዞር ያቅተዋል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ወዲያው ብሬከሩን ያጥፉ። ማራገቢያውን በዱላ ገፋ አድርጎ ማስነሣት የታወቀ ብልሃት ነው፤ ጣት የሚያሳጣ ብልሃት ነው። ካፓሲተሩን ራስዎ አይክፈቱ፤ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ቻርጅ ይይዛል። ባለሙያው የሚተካው በማይክሮፋራድ ቁጥሩ ፍጹም እኩል፣ በቮልት ደግሞ እኩል ወይም ከፍ ያለ መሆን አለበት። አንዳንዱ ላይ እንደ 35 እና 5 ያሉ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ትልቁ ለኮምፕረሰሩ፣ ትንሹ ለማራገቢያው ነው። ኢንቨርተር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ነው፤ ጨውና እንሽላሊት ዋና ጠላቶቹ ናቸው።

እግረ መንገድዎን ማሽኑ የተቀመጠበትን የብረት ክንድ ይዩ። ማሽኑ ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ብሎኖቹ አብጠው ዝገት እየተላጠ ከሆነ ሥሩ ያለውን መተላለፊያ ዘግተው ለአከራዩ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ይህን ነገር በስልክ ብቻ ተናግረው አይተዉት።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሲው ይነሣና ብሬከሩ ይወርዳል።

መልስ፦ ኮምፕረሰር ሲቆም በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው ግፊት እኩል እስኪሆን 3 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከተነሣ ከግፊት ጋር ይታገልና ብዙ አምፔር ይስባል። መብራት ሲጠፋ ኤሲውን ከብሬከሩ ያጥፉ፣ ሲመለስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወይም የማዘግያ ጊዜ ያለው የቮልቴጅ መከላከያ ይገጠምለት። ጠብቀውም ከወረደ ደግመው ደጋግመው አያንሡት፤ በጨው የተበላ ሽቦ ወይም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያፈስ ኮምፕረሰር ሊሆን ስለሚችል በመለኪያ ይፈተሽ።

ጥያቄ፦ በብርዱ ወቅት ኤሲውን ወደ ማሞቂያ ስቀይረው ለብ ያለ አየር ይሰጣል፤ አልፎ አልፎ ጭራሽ ይቆማል። ውጭ ያለው ደግሞ ጭስ ያወጣል። ሊቃጠል ነው?

መልስ፦ ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ነው፤ ሽታ ከሌለው አይስጉ። ሲያሞቅ የውጭው ኮይል በተራው ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ አየር ሲነካውም በረዶ ይለብሳል። ማሽኑ በረዶውን ለማቅለጥ ለጥቂት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ቤት ውስጥ ያለው ማራገቢያ የሚቆመው ብርድ እንዳይነፋብዎት ነው። ይህ እጅግ የሚበዛው ደረቁ ብርድ ሲበረታ ሳይሆን ውጭ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ሆኖ ጭጋግ ሲኖር ነው፤ የቀዝቃዛ አገር ጠረፍ የብርድ ወቅት እንዲያ ነው። የሚነፋው አየርም ከሰውነት ሙቀት ብዙ ስለማይበልጥ እጅ ላይ ለብ ይላል። ስለዚህ ሲወጡ አጥፍተው ሲመለሱ ከሚያፈጥኑት ዝቅ አድርገው እንደበራ ቢተዉት ይሻላል።

ብልሽት የሚሆነው በረዶው ለሰዓታት ካልቀለጠ ነው። የማሽኑ ወለል ላይ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቅጠልና በዝገት ቅርፊት ተደፍነው የቀለጠው መልሶ እየበረደ እንደሆነ ይዩ። የፈላ ውሃ አይድፉበት፤ ለብ ያለ ይበቃል። ውጭ ያለው እየሠራ ከ15 ደቂቃ በኋላም ቤት ውስጥ ብርድ የሚነፋ ከሆነ አቅጣጫ ቀያሪው ቫልቭ ተጣብቋል፤ ይህ የባለሙያና የአከራይ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። የሚያቀዘቅዝ ብቻ የሆነ ኤሲ ስንት ጊዜ ቢጫኑት አያሞቅም።

ጥያቄ፦ ቤቱ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ አለው። ማታ ስንለኩሰው መስኮቱ ያለቅሳል፣ ጠዋት ደግሞ ራሳችንን ያመናል።

መልስ፦ ዛሬ ማታ አይለኩሱት። ራስ ምታቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በርቶ ሳለ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ማሞቂያውን አጥፍተው በሮቹን ይክፈቱ፣ ሁላችሁም ውጡ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ መኝታ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቤት ውስጥ ጋዝ የሚነድ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ይኑር።

የመስኮቱ እንባም ከዚያው ከእሳቱ ነው። 1 ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል የውሃ ትነት ይወጣዋል። በእርጥብ አገር በእንዲህ ዓይነት ማሞቂያ ቤት ማድረቅ የማይሆን ነገር ነው። ጭስ ማውጫ ላላቸውም ቢሆን ቆርቆሮው በጨው አየር ይበሳል፤ በየዓመቱ ከብርዱ በፊት ይፈተሽ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። የባሕር ጨው ራሱ ብርቱካናማ ብልጭታ ይሰጠዋል፤ ግን «ጨው ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው፣ በተለይ ጥቀርሻ ካለ።

አንድ አንባቢ ከዚሁ ጋር፣ የማሞቂያው ትንሽዋ እሳት ቁልፉ ሲለቀቅ ትጠፋለች ብለዋል። ቁልፉን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ካልሆነ ነበልባሉ ውስጥ ያለው ቴርሞካፕል (እሳቱ መኖሩን በሙቀት የሚያውቀው ዘንግ) ተበልቷል ወይም ጥቀርሻ ለብሷል፤ ይቀየራል። በሽቦ አስሮ ወይም አገናኝቶ ማለፍ ግን የማይታሰብ ነው፤ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሲው ሲበላሽ አከራዬ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይሉኛል። ማን ነው የሚከፍለው?

መልስ፦ ውሉና የሚኖሩበት አገር ሕግ ይወስናል። በተለምዶ ማጣሪያ ማጠብ፣ የውሃ ጎማውን መጠበቅና የሪሞት ባትሪ የተከራይ ነው፤ ጋዝ፣ ካፓሲተር፣ ቦርድ፣ ኮይልና የተበላ ብረት የባለቤት። ክርክሩን የሚያቃልለው ማስረጃ ነው። ቤቱን በተረከቡ ቀን የስም ሰሌዳውን፣ ፊኖቹን፣ የብረት ክንዱንና የውሃ ጎማውን ጫፍ ፎቶ ያንሡ። ኤሲውን 20 ደቂቃ አሠርተው በሚስበውና በሚነፋው አየር መካከል ያለውን ልዩነት በቴርሞ ሜትር ይለኩ፤ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ደህና ነው። አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ኃይሉ ውሃ ለመጭመቅ ስለሚሄድ ልዩነቱ ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ እርጥበቱንም አብረው ይጻፉ። ማጣሪያ ያጠቡበትን ቀን ክዳኑ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ይመዝግቡ። ለአከራዩ ሲያሳውቁ «አይሠራም» ከማለት «ከሰኞ ጀምሮ ማጣሪያው ንጹህ ሆኖ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ነው፣ ቀጭኑ ቧንቧ በረዶ ይለብሳል» ቢሉ ባለሙያውም መሣሪያውን ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ኤሲው ሲነሣ እርጥብ ካልሲ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ሽቶ ብረጭበትስ?

መልስ፦ ሽቶው ዝልግልጉ ላይ ይለጠፍና ሁለት ሽታ ይሆንብዎታል። ሻጋታው ያለው በማራገቢያው ከበሮ መሰል ተሽከርካሪ ቅጠሎች ላይ ነው፤ በባትሪ መብራት ከአየር መውጫው ወደ ውስጥ ቢያዩ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ከውጭ በጨርቅ አይደረስበትም፤ ባለሙያ ፈትቶ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ከልሎ በውሃ ያጥበዋል። እንዳይመለስ፣ ለቀኑ ሊያጠፉት ሲሉ መስኮት ከፍተው ማራገቢያውን ብቻ 20 ደቂቃ ያሠሩ። ቀደም ሲል ማራገቢያ ሳያቋርጥ አይሽከርከር ብለናል፤ ይህ ግን ለአጭር ጊዜ፣ እርጥበቱም በመስኮት እንዲወጣ ታስቦ ነው።

ሽታው የመጸዳጃ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ቤት ሠሪዎች የኤሲውን ውሃ ጎማ በቀጥታ ከመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ጋር ያገናኙታል። መሃል ላይ ውሃ የሚያቁር ክንብል ከሌለ የፍሳሹ ጋዝ በጎማው ወጥቶ በኤሲው በኩል ይነፋል። ክንብሉ ቢኖርም ኤሲው ለወራት ካልሠራ ውሃው ይተንናል፤ በዚያ ወቅት በየወሩ አንድ ኩባያ ውሃ በትሪው በኩል ያፍስሱበት።